«አሻንጉሊት» ላላችሁን ሁሉ

ጽሑፉ ረጅም ነው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። ለቸኮለ ሰው ግን ዋናውን ከላይ አስቀምጠዋለሁ፦ ያረጀና የማይገጣጠም የፕላስቲክ አውሮፕላን ሞዴል ሞርዶ፣ ሞልቶ፣ አስተካክሎ መሥራት ትምህርት ነው። ከጥቁር ሰሌዳው ትምህርት አያንስም። አንዳንድ ቀን እንዲያውም ይበልጠዋል። ይሄን «አሻንጉሊት» ብሎ ከትምህርት ቤት የሚያስወጣ ሰው ስለ ትምህርት ጥራት ሲያወራ እኔ ጆሮዬን አልሰጠውም።

ምን ሆነህ ነው ለምትሉኝ ነገሩ እንዲህ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ከ9ኛና ከ10ኛ ክፍል ከመጡ አሥራ አንድ ልጆች ጋር አንድ ባዶ ክፍል ውስጥ ሞዴል እንሠራለን። ለሁለት ሰዓት ብቻ። አበል አልጠየቅንበትም፣ በጀት አልጠየቅንበትም፣ ሰርተፊኬትም የለውም። በቅርቡ ለሱፐርቪዥን የመጡ አንድ ኃላፊ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ግማሽ አውሮፕላን በጣታቸው ገፋ አደረጉና «መምህር፣ ይሄ አሻንጉሊት ለማትሪክ ምን ይጠቅማል?» አሉኝ። መልሴን ሳይሰሙ ወጡ። በሳምንቱ ክፍሉ «ለተሻለ ዓላማ» እንደሚፈለግ በቃል ተነገረኝ። የማንንም ስም አልጠራም፤ ኮሜንት ላይም ማንም እንዳይጠራብኝ። ጠቤ ከሰውየው ጋር አይደለም፣ ከጥያቄያቸው ጋር ነው። መቼም ጠይቆ መልስ ሳይሰሙ መሄድ ልማድ ሆኗል፤ ስለዚህ መልሱን እዚህ እጽፈዋለሁ።

መጀመሪያ ለማያውቀው ሰው። የፕላስቲክ ሞዴል ማለት የአንድ እውነተኛ አውሮፕላን ቅርጽ በልኬት ተቀንሶ፣ ፖሊስታይሪን ከሚባል ፕላስቲክ በሞልድ ተመትቶ፣ ቁርጥራጩ በፍሬም ላይ እንደተንጠለጠለ በካርቶን የሚሸጥ ነገር ነው። ቆርጠህ ታወጣለህ፣ ታጣብቃለህ፣ ትቀባለህ። እኛ ጋ ያለው ኤርፊክስ የሚባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ያወጣው ዳኮታ ነው። ዳኮታ ማለት ዳግላስ ዲሲ-3፣ በወታደር ስሙ ሲ-47 የሚባለው ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ነው። የሞዴሉ ልኬት 1 ለ 72። ሞልዱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። ከእኔ በብዙ ይበልጣል፤ ከብዙዎቻችሁ አባት ጋር እኩያ ነው። አንዱ የቀድሞ ተማሪዬ ከለንደን ሲመጣ ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ አግኝቶት ሻንጣው ውስጥ ከልብሱ መሀል ከቶ አመጣልኝ። ካርቶኑ ተቀዷል፣ ማርኩ ቢጫ ሆኗል፣ ፕላስቲኩ ግን ደህና ነው። (ስምህን አልጠራም፤ አንተ ታውቃለህ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።)

አሁን ወደ ክሶቹ። አራት ናቸው፤ አንድ በአንድ እንያቸው።

አንደኛው ክስ፦ «አሻንጉሊት ነው»

ጎበዝ፣ በዓለም ላይ አውሮፕላን የተጀመረው በሞዴል ነው። እ.ኤ.አ. በ1901 ዊልበርና ኦርቪል ራይት የሚባሉ ሁለት ብስክሌት ሠሪ ወንድማማቾች ከእንጨት አንድ ረጅም ሳጥን ሠሩ፤ በአንድ በኩል ነፋስ የሚነፋበት። ከዚያ ወደ ሁለት መቶ የሚጠጉ ትንንሽ የክንፍ ሞዴሎችን አንድ በአንድ ሳጥኑ ውስጥ እያስገቡ ነፋሱ ምን ያህል እንደሚያነሳቸው ለኩ። በዘመኑ በመጽሐፍ ታትሞ የነበረው ሠንጠረዥ እንደማያስኬዳቸው ያዩት ያኔ ነው። ሁለት ዓመት ቆይተው በ1903 በረሩ። በመጽሐፉ ላይ ብቻ ቢተማመኑ ኖሮ ብስክሌት ሲጠግኑ ያረጁ ነበር። በነገራችን ላይ ሁለቱም የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ አልነበራቸውም። እኔ እንኳ የኮሌጅ ዲፕሎማ አለኝ፤ በሱ እንኳ ስንት ነገር እባላለሁ።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ1942፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መሀል፣ የአሜሪካ ባሕር ኃይል የሀገሪቱን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች 500,000 የአውሮፕላን ሞዴል ሥሩልን ብሎ ጠየቀ። አምስት መቶ ሺህ! ልኬቱ ስንት ነበር? 1 ለ 72፤ እኛ ጠረጴዛ ላይ ያለው ራሱ። ልጆቹ በየትምህርት ቤታቸው ወርክሾፕ ከእንጨት እየጠረቡ ሠሩ። ለምን? ወታደሩ ከሩቅ የሚመጣውን አውሮፕላን ቅርጹን አይቶ የወዳጅ ነው የጠላት ብሎ መለየት መቻል ስለነበረበት። ልኬቱ ወይም የክንፉ ቅርጽ የተዛባ ሞዴል ወታደሩን የተሳሳተ ነገር ያስተምረዋል፤ የተሳሳተ ወታደር ደግሞ የራሱን ሰው ይመታል። እንግዲህ ይሄን ነው አሻንጉሊት የምትሉኝ። ሕይወትና ሞት የተንጠለጠለበትን ሥራ ለ15 ዓመት ልጅ የሰጠ ሀገር ነበር፤ እኛ ለ15 ዓመት ልጅ ብርጭቆ ወረቀት መስጠት ፈራን።

ደግሞስ አሻንጉሊት ቢሆን ምን አለበት? ልጅ እያለን ከቆርኪ ጎማ፣ ከሽቦ መኪና ሠርተን ያደግን ሰዎች አይደለንም እንዴ? ያኔ መሪውን ለማዞር ሽቦውን የት ላይ ማጠፍ እንዳለብን ማንም አላስተማረንም። እጃችን አስተማረን።

ሁለተኛው ክስ፦ «ለምን አዲስና ጥሩ አትገዙም?»

ይሄን የሚሉኝ ሞዴል የሚያውቁ፣ ውጭ ሀገር ያሉ ወዳጆቼ ናቸው። እውነት ነው፤ ኤርፊክስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2014 የዚህኑ አውሮፕላን አዲስ ሞልድ አውጥቷል። አዲሱ ያምራል፣ ቁርጥራጩ ይገጥማል፣ የውስጥ ዕቃውም የተሟላ ነው። ቢላክልኝ አልመልሰውም። ግን ለማስተማር አሮጌውን እመርጣለሁ። ምክንያቴን በቁጥር ላስረዳ።

የአሮጌው ሞዴል ገላ በሙሉ ሪቬት ነው። ማለትም የአውሮፕላኑ ቆርቆሮ የተያያዘበት የምስማር ራስ፣ ልክ እንደ ብጉር ከላይ እስከ ታች ፈሶበታል። አንዷ ልጅ በማስመሪያ ለካችው፤ የአንዱ ስፋት ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። «ቲቸር ትንሽ ነው እኮ» አለች። በ72 አባዢው አልኳት። 36 ሚሊ ሜትር! እውነተኛው አውሮፕላን ላይ ቢሆን እያንዳንዱ ሪቬት ከለስላሳ ጠርሙስ ቆርኪ ይበልጥ ነበር ማለት ነው። ሳቁ። ከሳቁ በኋላ ማንም ሳያዛቸው ብርጭቆ ወረቀቱን አነሡ። ከዚያ የክንፉን የኋላ ጠርዝ ለኩ፤ ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር። በ72 ሲባዛ 7.2 ሳንቲ ሜትር፤ አራት ጣት የሚያህል። የአውሮፕላን ክንፍ ደግሞ በኋላው በኩል እንደ ቢላ ስለት መሳሳት አለበት፤ ከላይና ከታች የሚፈሰው አየር እዚያ ጋ በሰላም እንዲገናኝ። ስለዚህ ሁለቱን የክንፍ ገጾች ከማጣበቃችን በፊት ከውስጥ በኩል ሞረድናቸው። ከውጭ ብትሞርደው ቅርጹ ይጠፋል። ይሄን ከውስጥና ከውጭ የመሞረድ ልዩነት የትኛው መጽሐፍ ላይ ነው የምታገኙት?

አዲሱ ሞዴል ይሄን ጥያቄ አያስነሳም፤ ፋብሪካው አስቀድሞ መልሶታል። ልጁ የሚቀረው ማጣበቅ ብቻ ነው። አሮጌው ግን በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ «እኔ ትክክል ነኝ ወይ?» ብሎ ይጠይቅሃል። ብዙ ጊዜ መልሱ «አይደለህም» ነው። እና ታስተካክላለህ።

ምን እንዳስተካከልን ልዘርዝር፤ የምትሞክሩ ካላችሁ ይጠቅማችኋል።

ሪቬቱን ሞርደን ስንጨርስ የቆርቆሮዎቹ መጋጠሚያ መስመርም አብሮ ጠፋ። ስለዚህ በፎቶና በንድፍ እየተመራን መስመሩን እንደገና በመርፌ ቀረጽነው። መርፌው የልብስ መስፊያ ነው፤ እጀታው ያለቀ እስክሪብቶ። ወፍራም ፕላስተር ለማስመሪያነት ትለጥፋለህ፣ መርፌውን ሳትጫን ደጋግመህ ትስባለህ። ከተጫንክ መስመሩ ይሸሻል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እዚህ ጋ ነው።

ለማጣበቂያ የመኪና ቀለም ቲነር በቀጭን ብሩሽ ተጠቀምን። ሁለቱን ቁራጭ አጋጥመህ ትይዝና ጠርዙን በቲነር ነካ ስታደርገው ፈሳሹ ራሱ ስንጥቁ ውስጥ እየሮጠ ይገባል። የ9ኛ ክፍሉ ልጅ «ማን ገፋው?» ብሎ ጠየቀኝ። ካፒላሪቲ የሚባለውን ነገር እኔ ስንት ዓመት ሰሌዳ ላይ ሥዬዋለሁ፤ እንደዚያ ቀን የገባቸው ግን የለም። ቲነሩ ፕላስቲኩን አሟሙቶ ነው የሚያያይዘው፤ ሲደርቅ ሁለቱ አንድ ይሆናሉ። ለተከፈተው ክፍተት ደግሞ የፍሬሙን ትርፍራፊ ቆራርጠን ቲነር ውስጥ በማሟሟት እንደ ስቱኮ ሞላንበት። ሲደርቅ እንደ ገላው ያው ፕላስቲክ ስለሆነ እኩል ይሞረዳል። (መስኮት ከፍታችሁ፣ ከእሳት አርቃችሁ፣ ጭንብል አድርጋችሁ ሥሩ። ምላጩን የምይዘው እኔ ነኝ፤ ይሄ ሕጋችን ነው።)

ሞተሩ ሌላ ታሪክ ነው። እውነተኛው ዳኮታ ሁለት ፕራት ኤንድ ዊትኒ ሞተር አለው፤ እያንዳንዱ 14 ሲሊንደር፣ ሰባት ሰባት ሆነው በሁለት ረድፍ ክብ የተደረደሩ፣ ጉልበቱ 1,200 የፈረስ ጉልበት። ሞዴሉ ላይ ግን ከካፖርት ቁልፍ የማይሻል ነገር ነው የተሰጠን። ልጆቹ ከተበላሸ ቻርጀር ውስጥ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ፈትተው ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የእሳት መስመር ሠሩለት። ሰባት ሲሊንደር ለምን? ለምን በአንዱ ረድፍ ስምንት አይሆንም? ይሄ ጥያቄ ከእነሱ ነው የመጣው። ባለ አራት ምት ሞተር በክብ ሲደረደር በአንድ ረድፍ ያለው ቁጥር ጎደሎ መሆን ያለበት፣ አንዱን እያለፈ ሲተኩስ ሁለት ዙር ሲሞላ ሁሉም ተራው እንዲደርሰው ነው። ክብ ስለን፣ ነጥብ አድርገን፣ በጣታችን እየቆጠርን አረጋገጥነው። ስምንት ላይ ሞከሩት፣ ግማሾቹ ተራ ሳይደርሳቸው ቀሩ። ማንም አልነገራቸውም፤ አዩት።

ቢጫ የሆነውን ማርክ መስኮት ላይ በፕላስተር ለጥፈን ፀሐይ እንድታነጣው ተውነው። በደንብ ነጣ። የአዲስ አበባ ፀሐይ ሥራ ስታገኝ ትሠራለች!

ሦስተኛው ክስ፦ «ለማትሪክ ምን ይጠቅማል?»

ይሄ ነው ትልቁ። ደግሞም የሚያሳስብ ጥያቄ ነው፤ አላቃልለውም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ገደማ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶ 3.2 ገደማ። ቁጥሩን ስሰማ ያልደነገጥኩ እንዳይመስላችሁ። መቶ ልጅ አስተምረህ ሦስት ማለት ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ መምህር ልጆች ሰብስቦ ፕላስቲክ ሲሞርድ ማየት የሚያናድደው ሰው እንዳለ ይገባኛል። ቱቶሪያል ይሰጥ፤ እኔም እሰጣለሁ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ።

ግን እስቲ ይሄን መልሱልኝ፦ ይሄ ውጤት የመጣው ልጆቹ ሞዴል ስለሠሩ ነው? በስንት ትምህርት ቤት ነው ሞዴል የሚሠራው? ላብራቶሪው ተቆልፎ ቁልፉ የት እንዳለ በማይታወቅበት፣ ዕቃው ሳጥን ውስጥ እንደታሸገ በሚቀመጥበት፣ ተማሪ ቬርኒየር ካሊፐርን በሥዕል ብቻ በሚያውቅበት ሁኔታ የመጣ ውጤት ነው። ልጆቻችንን የጣላቸው የእጅ ሥራ ብዛት አይደለም። ሽምደዳ ነው። ታዲያ ሽምደዳው ላልሠራ ሰው መድኃኒቱ ተጨማሪ ሽምደዳ፣ ቅዳሜን ጨምሮ!

አንድ ምሳሌ ብቻ ልስጥ፤ ከፈተና ጋር የሚገናኝ። የዳኮታው ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 29 ሜትር ያህል ነው። በ72 ሲካፈል 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ። ይሄ ለሁሉም ቀላል ነው። ባዶውን ሲመዘን ደግሞ 8,200 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ሞዴሉ በትክክል የተቀነሰ ቢሆን ስንት ይመዝናል ብዬ ጠየቅኩ። ከአሥራ አንዱ ዘጠኙ በ72 አካፍለው 114 ኪሎ አሉ። እዚህ ጠረጴዛ ላይ ያለ፣ በአንድ እጅ የሚነሣ ነገር፣ 114 ኪሎ! መልሱ ልክ እንዳልሆነ ለማወቅ ደብተር አላስፈለጋቸውም፤ በእጃቸው ይዘውታል። ከዚያ ተወያዩ። ርዝመቱ በ72 ይቀንሳል፣ ወርዱም በ72፣ ቁመቱም በ72። ስለዚህ ክብደቱ 72 በ72 በ72፣ ማለትም በ373,248 መካፈል አለበት። ወጣ፦ 22 ግራም።

ሞዴሉ ግን ከ22 ግራም በጣም ይከብዳል። ለምን? ይሄኛውን ጥያቄ አንድ ሳምንት ለቤት ሥራ ሰጠኋቸው። መልሱን ይዛ የመጣችው ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ የማታውቅ ልጅ ናት። «ቲቸር፣ ፕላስቲኩ በጣም ወፍራም ስለሆነ ነው። የእኛ ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ነው፤ በ72 ሲባዛ እንደ ግንብ ነው። እውነተኛው ግን ቆርቆሮው ራሱ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ነው» አለች። ትክክል! ይቺ ልጅ የርዝመት፣ የስፋትና የይዘት ግንኙነት ከዚህ በኋላ በማንኛውም ፈተና ላይ ቢመጣባት አትወድቅም። ምክንያቱም ቀመሩን አልሸመደደችውም፤ ራሷ አግኝታዋለች።

ስለዚህ ለማትሪክ ምን ይጠቅማል ለሚለው መልሴ ይሄው፦ መልስህ እውነት ይመስላል ወይስ አይመስልም ብሎ ራስን መጠየቅን ያስተምራል። ይሄን አንድ ልማድ ብቻ ይዞ ፈተና የገባ ልጅ፣ ሦስት ሞጁል ሸምድዶ ከገባው ይሻላል።

አራተኛው ክስ፦ «የፈረንጅ ቅንጦት ነው»

እስቲ ወጪያችንን ልናገር። ብርጭቆ ወረቀት፣ ምላጭ፣ መርፌ፣ የጥፍር ሞረድ፣ ፕላስተር፣ ትንሽ ቲነር፣ የጥርስ ሳሙና (መስኮቱን ለማጥራት ነው፤ የተጫረ የመስታወት ፕላስቲክ በጥርስ ሳሙና ሲታሽ ይጠራል)፣ ከመኪና ቀለም ቤት የተረፈ ብርማ ቀለም። ከሱቅና ከጋራዥ የማይገኝ አንድም ዕቃ የለም። ገላውን ብረት ለማስመሰል ደግሞ የማስቲካ ወረቀት ላይ ያለውን ብርማ ልባስ በስሱ ሙጫ ለጠፍንበት። እሱ ደግሞ ክፉ መምህር ነው፤ በደንብ ያልሞረድከው ቦታ ካለ ሁሉንም ያወጣብሃል። ለማኔጅመንት ሪፖርት ማድረግ አይቻልም እንጂ እንዲህ ያለ ኢንስፔክተር ባገኘን!

«ፈረንጅ» የሚለው ቃል ግን ከሁሉ በላይ ያበግነኛል፤ ምክንያቱም ይሄ አውሮፕላን የእኛም ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1945 መጨረሻ ተቋቁሞ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው ሚያዝያ 8 ቀን 1946፣ ከአዲስ አበባ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ነው። በምን? በዚሁ በሲ-47። አየር መንገዱ ሥራ የጀመረው አሜሪካ ከጦርነቱ የተረፋትን አምስት ሲ-47 ገዝቶ ነው። አዲስ አልነበሩም፤ ያገለገሉ የወታደር ዕቃ ነበሩ። ለተሳፋሪ የሚሆን ወንበር እንኳ አልነበራቸውም። ሰው የሚቀመጠው በግራና በቀኝ ግድግዳ በተዘረጋ ታጣፊ የሸራ አግዳሚ ላይ ነበር፤ ጭነቱ ደግሞ መሀል ላይ ከወለሉ ጋር በሰንሰለት ይታሰር ነበር።

እንግዲህ አስቡት። ዛሬ በኩራት የምንጠራው አየር መንገድ የጀመረው «ለምን አዲስ አትገዙም?» ሳይባል፣ ያረጀ ዕቃ ወስዶ እያሻሻለ፣ እየጠገነ፣ ጠጋኙንም እያሠለጠነ ነው። እኛ በሞዴሉ ላይ የምናደርገው የዚያን ታናሽ ወንድም ነው። ልጆቹ ይሄን ታሪክ ሲሰሙ የሞዴሉን ባዶ ሆድ ከፍተው የሸራውን አግዳሚ ሠሩለት፤ ከሻይ ከረጢት ወረቀት። አጥፈው፣ በሙጫ አጠንክረው፣ እግሩን ከመርፌ ቁልፍ ሽቦ። ሲዘጋ በመስኮቱ ትንሽ ብቻ ነው የሚታየው። «ታዲያ ለምን ደከማችሁ?» ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። እኛ ግን እዚያ እንዳለ እናውቃለን። የማይታየውን ሥራ በትክክል የሚሠራ ሰው ነው ነገ የድልድይ ብረት፣ የሕንፃ ኮንክሪት፣ የበሽተኛ መድኃኒት አደራ የሚሰጠው። የሚታየውን ብቻ የሚያሳምር ሰውማ ሞልቶናል።

ለሞዴል ሠሪ ወዳጆቼም አንድ ነገር አለኝ

ሌላውን ብቻ ወቅሼ እናንተን ብተው አድሎ ይሆናል። ቤታችሁ ውስጥ ያልተከፈተ ካርቶን እስከ ጣራ ደርድራችሁ ፎቶ የምትለጥፉ፣ አንድም ሳትሠሩ የሰውን ሥራ ሪቬት የምትቆጥሩ አላችሁ። ካርቶን መሰብሰብ ሞዴል መሥራት አይደለም፤ ማከማቸት ነው። ያልተነበበ መጽሐፍ እንደመደርደር ነው። ለአሮጌው ሞዴል ደግሞ ተጨማሪ የማሻሻያ ዕቃ በየሳጥኑ እየገዛችሁ፣ ዋጋው ከሞዴሉ ሦስት እጥፍ ሲሆን «አሻሻልኩት» የምትሉም አላችሁ። ገዝታችሁ ለጠፋችሁ እንጂ አላሻሻላችሁም። ማሻሻል ማለት የጎደለውን አይቶ፣ ለክቶ፣ ካለህ ነገር መሥራት ነው። በሽቦና በሻይ ወረቀት የተሠራው የእኛ ወንበር ትንሽ ጠማማ ነው፤ ግን የሠራው ልጅ ለምን እንደጠመመ ያውቃል፣ ቀጣዩን ያቀናዋል።

«የ1960ውን ሪቬት መሞረድ ታሪክ ማጥፋት ነው» ያለኝም አለ። ወዳጄ፣ ይሄ ሞልድ ለአሥርት ዓመታት ስንት ቤት ገብቷል። ታሪኩን የሚያስቀምጥ ሙዚየም ይኑር፣ ደስ ይለኛል። እኔ ግን ሙዚየም የለኝም፤ አሥራ አንድ ልጆች ናቸው ያሉኝ።

ታዲያ ምን ይሁን?

የምጠይቀው ትንሽ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ አንድ ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛ። ቱቶሪያሉ ከሁለት ሰዓት በኋላ እዚያው ክፍል ይቀጥል፤ ጠረጴዛውን ጠርገን፣ ወለሉን አጽድተን እናስረክባለን። ይሄን በጽሑፍ አስገብቻለሁ፣ መልስ እየጠበቅሁ ነው። መልሱ እምቢ ከሆነ ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠኝ፤ በቃል የተነገረ ነገር ልክ እንዳልተጣበቀ ክንፍ ነው፣ ሲነኩት ይወድቃል።

ወላጆች፣ ልጃችሁ እጁ ቀለም ነክቶ ቢመጣ አትቆጡት። ምን እንደሠራ ጠይቁት። ሲያስረዳችሁ ስሙት፤ ክፍል ውስጥ አንድ ቃል የማይተነፍሰው ልጅ ስለ ሞተር ሲሊንደር ሃያ ደቂቃ ሲያወራ ትሰማላችሁ።

መምህራን፣ ሞዴል ከሌላችሁ ካርቶን አለ። ቆርኪ አለ። ሽቦ አለ። የተበላሸ ሬዲዮ አለ። ልጆቹ የሆነ ነገር ይፍቱ፣ ይለኩ፣ ይግጠሙ። ሥራ ለሠሪው እሾህ ላጣሪው ነው፤ ማንም መጥቶ አይሠራላችሁም።

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ከእናንተ የምፈልገው ላይክ አይደለም። ዛሬ ጋራዥ፣ ሃንጋር፣ ሆስፒታል፣ ሳይት ላይ ያላችሁ አላችሁ። በእጃችሁ የምትሠሩትን ሥራ ከየት እንደተማራችሁት፣ ወይም ማንም ስላላስተማራችሁ ምን እንደከፈላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉ። እዚህ የምትጽፉትን አትሜ ከደብዳቤዬ ጋር አያይዘዋለሁ።

የሚቀጥለውን ሥራችንንም ልንገራችሁ፤ ክፍሉ ቢኖርም ባይኖርም የሚሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 በጀርመናዊው መሐንዲስ በሉድቪግ ቬበር ንድፍ እዚሁ ሀገራችን የተሠራችውን «ፀሐይ»ን ታውቋታላችሁ። ጣሊያን ወስዷት ስንት ዘመን ሙዚየም ውስጥ ካስቀመጣት በኋላ በጥር 2016 ዓ.ም. ወደ ሀገሯ ተመልሳለች። እሷን ከባዶ ከካርቶንና ከእንጨት ልንሠራት ነው፤ ልኬቱ 1 ለ 72 ሆኖ ከዳኮታው ጎን እንድትቆም። ዳኮታውን ሲያስተካክሉ መለካት፣ መቅረጽ፣ መሙላት፣ መጠራጠር ተምረዋል፤ አሁን ፋብሪካ አያስፈልጋቸውም። የማይገጥም አሮጌ ሞዴል ያስተማራቸው ይሄን ነው።

ያለቀለት ነገር መግዛት የለመደ ሀገር ያላለቀውን ማስጨረስ አይችልም። እኔ የማስተምረው መጨረስን ነው። ይሄ አሻንጉሊት ከተባለ፣ ይባል።

ሼር አድርጉት።